ብስክሌተኛው ለማን ወረደ?

ብስክሌተኛው ቢተው ከውሰታ ድልድይ አፍ ላይ፣ አዲስ በተነጠፈው ኮረት ላይ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ብስክሌቱ ከጎኑ ወድቃለች። ከኋላው፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት ዛፎች መካከል አንድ ገመድ ተወጥሯል፤ ገመዱ የመንገድ ሠራተኛው የደምለው የድንጋይ መጎተቻ ነው። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱ ነበርና በፍርድ ጊዜ የሚያባክን አልነበረም። ረፋዱ ላይ ደምለው ታስሮ መስቀያው እንጨት ይጠረብለት ጀመር።

የመንገዱ ሠራተኞች ግን «ያለ አውጫጭኝ ሰው አይሰቀልም!» ብለው አካፋቸውን ጣሉ። ያገር ሰው ተሰብስቦ፣ እየማለ፣ ወንጀለኛውን ከመካከሉ የሚያወጣበት ሸንጎ ካልተቀመጠ አንድ ድንጋይ አናነሳም አሉ። የጣሊያኑ ሹም ተሳደበ፣ ዛተ፣ በመጨረሻም እስከ ማታ ፈቀደና አቶ አካለ ወልድን አስጠራቸው። ከወረራው በፊት የአጥቢያ ዳኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ግልፍተኛና ነገረኛ፣ ግን ከዓይናቸው የሚያመልጥ የለም።

«ፀሐይ ሳትጠልቅ ሌላ ሰው ካላመጡ ደምለው ይሰቀላል» አላቸው አስተርጓሚው።

«ሰው እንደ በግ ከገበያ የሚመጣ መሰለው?» አሉና ቁልቁለቱን ወረዱ።

ሬሳውን አገላበጡት። ፊቱ ላይ ጭረት የለም፤ መዳፉ እንኳ አልተላጠም። የተሰበረው ማጅራቱ ነው። ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ አደግድጓል። ወደ ዛፎቹ ሄደው ገመዱ የታሰረበትን ቅርፊት በጣታቸው ዳበሱት፤ አልተፋቀም። በብስክሌቷ መሪ ላይ አንድ ሲባጎ በወጉ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። ሽማግሌው ሲባጎውን አይተው ነጠላውን አዩ።

መጀመሪያ ደምለውን ጠየቁት።

«ዝተህበታል አሉ።»

«ዝቻለሁ፣ አባቴ። እናቴን በዚያች ብስክሌት ገጭቶ እግሯን ሰብሮታል። ብስክሌቷን ገደል እሰዳታለሁ ብያለሁ፤ እሱን ግን አላልሁም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ራሱ መጥቶ እናቴ እግር ላይ ወደቀ። ‹የጭነት ካሚዮን በመጣ ቁጥር እግረኛውም ብስክሌቱም አንድ ጠባብ ጥግ ላይ ነው የሚተራመሰው፤ ስንቱ አለቀ› አለ። ፈረንጁን ለምኖ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መንገድ አስፈቀደ። ዳሩ በድንጋይ የተከለለ፣ ዓይነ ስውር እንኳ በበትሩ እየዳበሰ ገበያ የሚደርስበት። ድንጋዩን የምደረድረው እኔ ነኝ። እናቴ በሰላም የምትሄድበትን መንገድ ያመጣልኝን ሰው እገድለዋለሁ?»

«ብስክሌት ሲነዳ ነጠላውን እንዴት ነበር የሚለብሰው?»

ደምለው ግራ ገባው። «አይለብሰውም። አንድ ቀን ሰንሰለቱ ነክሶ ገልብጦታል። ከዚያ ወዲህ ጠቅልሎ መሪው ላይ ነው የሚያስረው።»

በአሮጌው መንገድ ዳር ጠላ የምትሸጠው ፋንታነሽ ደግሞ ገና ሳትጠየቅ ጀመረች። «ረግሜዋለሁ፣ አልዋሽም! አዲሱ መንገድ ከደጄ ሲርቅ ማን ጠላዬን ይጠጣልኛል? ቢሆንስ፣ ጠላ ሻጭ ጠጪዋን ትገድላለች?»

«ዛሬ ማለዳ ሲያልፍ አይተሽዋል?»

«አይቸዋለሁ እንጂ። ነጠላውን እንደ ልማዱ መሪው ላይ አስሮ። ብስክሌትህ ልጅ አዘለች ወይ ብዬ ስቄበታለሁ።» ይህን ስትል እንባዋ መጣ።

የቀሩት ግራዝማች መንበሩ ነበሩ፤ የአገሩ ባላባት፣ የቢተው የክርስትና አባት። ቤታቸው ከድልድዩ በላይ ነው። ከዘራቸውን ተደግፈው በእርጋታ መለሱ።

«ከደጄ ሆኜ አየሁት። እንደ ነፋስ እየበረረ መጣ፤ ገመዱ ጠለፈውና ተከነበለ።»

«እንዴት ለብሶ ነበር?»

«እንደ ወጉ ነዋ። ነጠላውን አደግድጎ።»

«አዲሱ መንገድ በእርስዎ ርስት ላይ ያልፋል አሉ?»

«ችካል ተክለዋል» አሉ ግራዝማች።

አመሻሹ ላይ አገሩ ሁሉ ከወይራው ሥር ተሰበሰበ። ሹሙ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ደምለው በሁለት ወታደር መካከል ቆመ። አቶ አካለ ወልድ ተነሡ። ቢሳሳቱ አንድ ሰው እንደሚሞት ያውቁታል።

«ገመድ የጠለፈው ሰው በፊቱ ይወድቃል፤ ኮረቱ ፊቱንና መዳፉን ይልጠዋል። ቢተው ግን የተመታው ማጅራቱ ላይ ነው። ገመዱም ብስክሌት ቢያርፍበት የዛፉን ቅርፊት በፋቀው ነበር። ስለዚህ ገመዱ የተወጠረው ሰውየው ከሞተ በኋላ፣ ደምለው እንዲጠየቅበት ነው።»

ሕዝቡ አጉረመረመ።

«ቢተው ማለዳ ሲነዳ ነጠላው መሪው ላይ ታስሮ ነበር። ስናገኘው አደግድጎታል፤ ሲባጎውም በወጉ ተፈቷል። እንግዲህ በሕይወት ሳለ ከብስክሌቱ ወርዶ፣ ነጠላውን ፈትቶ፣ አደግድጎ እጅ ነሥቷል። ማጅራቱን የተመታው ጎንበስ ሲል ነው። ለማን ወረደ? ለደምለው? ለጓደኛው ማን ያደገድጋል! ለጠላ ሻጭ? እናንተው ፍረዱ።»

የሁሉም ዓይን ወደ አንድ ወገን ዞረ።

«ግራዝማች፣ አደግድጎ ሲበር አየሁት አሉኝ። እንዲያ ለብሶ ብስክሌት ሲነዳ ያየው አንድም ሰው የለም። እርስዎ ፊት ግን ሁሉ ሰው አደግድጎ ነው የሚቀርበው፤ ሌላ አለባበስ አያውቁምና አላጠራጠረዎትም።»

አስተርጓሚው ለሹሙ አንሾካሾከ። ሹሙ ሳቀና ተነሣ።

«ግራዝማች የመንግሥት ወዳጅ ናቸው፤ በነጠላ አለባበስ ሰው አይከሰስም ይላሉ» አለ አስተርጓሚው ዓይኑን ሰብሮ። «ደምለው ይሰቀል።»

ወታደሮቹ ደምለውን ጎተቱት። እናቱ በተሸከሟት ሰዎች ትከሻ ላይ ሆና ጮኸች። አቶ አካለ ወልድ ወደ ግራዝማች ዞሩ።

«ደስ ይበልዎ፣ ግራዝማች። የክርስትና ልጅዎን በእጅዎ ገደሉ፤ ይህን ደግሞ ፈረንጅ ገደለልዎ።»

ግራዝማች ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ልቀቁት!» አሉ። «እኔ በገደልሁት ሌላ አይሰቀልም። ያባቶቼን ርስት በጠላት ችካል አስቆረሰብኝ። ሊያስረዳኝ ነበር የወረደው፤ ‹አባቴ፣ ሰው በመኪና እያለቀ ነው፣ ትንሽ መሬት ይስጡን› አለና እጅ ነሣ። ከዘራዬ ቀና እስኪል አልጠበቀውም።»

ሹሙ ይህን ያህል ሕዝብ የሰማውን ቃል ሊውጠው አልቻለም። ራሱን ነቀነቀና ደምለው ተፈታ፤ ግራዝማች ተወሰዱ። አቶ አካለ ወልድ ተከራክረው ሲረቱ ደስ የሚላቸው ሰው ነበሩ፤ ያን ዕለት ግን እንባቸው መጣ።

«ሂድ፣ እናትህን ይዘህ ቤትህ ግባ» አሉት ደምለውን።

ደምለው ገመድ የበላውን እጁን እያሻሸ ሰማዩን አየ።

«እናቴን እነሱ ያድርሱልኝ» አለ። «ለእኔ ዶማ ስጡኝ፤ ቢተው ሳይቀበር ሊመሽ ነው።»