ያላሳየችው ቤት

ያ የከተማ ዳር ሰፈር ወሬውን የሚያነበው በደላላዋ ቢሮ መስታወት ላይ ነበር። የሚሸጡና የሚከራዩ ቤቶች ፎቶግራፍ በተደረደረበት መስኮት፣ ክፍተት በተገኘበት ሁሉ የሰፈሩ ጉዳይ ይለጠፍበታል፤ የጠፋች ግራጫ ድመት፣ የቅዳሜው የሕፃናት ኳስ ጨዋታ፣ የአዲሱ ቤተ መጻሕፍት መከፈቻ። በዚያ ሰሞን ግን ሌላውን ሁሉ ያስረሳው የመንገዱ ነገር ነው። አስፋልት ሊገባ ነው ተባለ። መንገዱ ገና በወሬ ላይ እያለ የቤት ዋጋ ቀድሞት ደረሰ።

«ዘንድሮ ቤት እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል» ትላለች ደላላዋ። «የትናንቱን ዋጋ ይዘው ሲመጡ የዛሬውን ስነግራቸው እኔኑ ሌባ ያደርጉኛል።»

እየዞረች ቤት የምታሳየው ግን የእህቷ ልጅ ናት። ሰፈሩ ይህችን ልጅ «ቁልፌ» ይላታል፤ ወገቧ ላይ የምታስረው ቁልፍ ሁሉ ሲንሿሿ ከእሷ ቀድሞ ስለሚሰማ ነው።

ቁልፌ የራሷ አሠራር ነበራት። ገዢው ከመድረሱ በፊት ትሄድና መስኮቶቹን ከፍታ የታፈነውን አየር ታስወጣለች። ቧንቧውን ከፍታ ዝገት የያዘውን ውሃ እስኪጠራ ታፈስሳለች። ደግሞ ቤት ሁሉ የሚያምርበት ሰዓት አለው ብላ ታምናለች። አንዱ ወጥ ቤቱ በጠዋት ፀሐይ ይስቃል፤ ሌላው ቀኑን ሙሉ አኩርፎ ውሎ አመሻሽ ላይ ሳሎኑ ወርቅ ይሆናል። ሰው የምታመጣው ያችን ሰዓት ጠብቃ ነው።

«አንቺኮ ቤት ሳይሆን ፀሐይ ነው የምትሸጪው» ትላታለች አክስቷ።

ወጣቱ ወደ ቢሮው መጀመሪያ የመጣው ስለ ጠፋችው ድመት ነበር። ከአውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ካለው የመነጽር ቤት ውስጥ የሰው ዓይን የሚመረምር ረጋ ያለ ወጣት ነው። ከሱቁ ጣሪያ ላይ አይቻታለሁ ብሎ ድመቷን ራሱ አቅፎ መጣ። ችግሩ ያቀፋት ድመት ቡናማ መሆኗ ነው።

«የሰው ዓይን የምትመረምረው አንተ ነህ?» አለች አክስትየው፣ ማስታወቂያውንና ድመቷን እያፈራረቀች እያየች። «መነጽሬን ሌላ ቦታ አሠራለሁ።»

ቁልፌ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እሱም አፍሮ ሳቀ። ዓይን ለዓይን ተጋጩና ሁለቱም ወደ ድመቷ ተመለከቱ፤ ድመቷ ግን ለማንም ግድ አልነበራትም።

ሊወጣ ሲል የቤቶቹ ፎቶግራፍ ላይ ዓይኑ ቀረ።

«ይቅርታ፣ ደረጃ የሌለው ቤት ይኖራችኋል? ለእናቴ ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ጉልበቷ ግን አልታዘዝ ብሏታል። የተከራየነውን ቤት ባለቤቱ መንገዱን ሰምቶ ልሽጠው ማለት ጀምሯል።»

«ሌላስ ምን ይፈልጋሉ?» አለች ቁልፌ።

«ብርሃን። የስፌት መኪናዋን የምታስቀምጥበት ብርሃን ያለው ክፍል። ከአቅሜም ያልዘለለ ቢሆን።»

እንዲህ ተጀመረ። በአሮጌዋ መኪናው እየዞሩ ቤት ማየት ያዙ። የመጀመሪያው ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ያለው ነበር። ቁልፌ እንደ ልማዷ ሁሉን አሰናድታ፣ ሰዓቱን ጠብቃ አስገባችው። ሲዘዋወር ቆየና መስኮቱ ትንሽ ጠበበብኝ አለ። በሁለተኛው ቤት ግቢው ነፋስ ይበዛዋል አለ። «እርስዎ» መባባሉም እዚያው ነፋስ ውስጥ ቀረ።

ባዶ ቤት ሰውን ያስመኛል። ዕቃ በሌለው ክፍል መሐል ቆመው ግድግዳውን ሲያለብሱ፣ ወለሉን ሲሞሉ ያመሻሉ።

«እዚህ ጋ የእማዬ የስፌት መኪና» ይላል እሱ።

«ጨርቁንስ የት ታደርገዋለህ? እዚህ ቁም ሣጥን ያስፈልጋል።»

«ቁም ሣጥኑ ብርሃኑን ይጋርድብናል።»

«ይኸው! ቡናማና ግራጫ የማይለይ ሰው ስለ ብርሃን ሊያስተምረኝ ነው።»

አንድ ቀን ቁልፌ ሳታስበው በረንዳ ላይ ሁለት ወንበር አስቀመጠች፤ በአሳብ ነው እንግዲህ። አንዱ የማን እንደሆነ እሱ አልጠየቃትም። ወንበሮቹ ወደሚሆኑበት ቦታ ሲያዩ ቆዩ። የቤቱ ሰዓት አልፎ፣ ብርሃኑ ከወለሉ ተነሥቶ ግድግዳውን እስኪወጣ ድረስ አልተንቀሳቀሱም።

ከዚያ ቀን በኋላ ቁልፌ ነገር ዓለሙን ረሳች። አክስቷ ስትጠራት ሁለቴ ካልተደገመላት አትሰማም። ቤት የሚያይበት ቀን ሲሆን በጠዋት ተነሥታ ፀጉሯን ትሠራለች፤ ቤት የማያይበት ቀን ደግሞ አልመሽ ይላታል። ወደደችው። ለራሷም አልደበቀችም።

ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር ቁልፋቸውን ያመጡት በዚያው ሰሞን፣ ዝናቡ ሳይገባ ነው። ልጃቸው ጋ ሊኖሩ መሄዳቸው ነበር።

«አልቸኩልም፤ ዋጋውም አያጣላንም» አሏት። «ብቻ ልጄ፣ አፍርሶ ፎቅ ለሚተክል ሰው እንዳትሰጪብኝ። የሚኖርበት ሰው ፈልጊልኝ።»

ቁልፌ ብቻዋን ሄዳ ከፈተችው። ደረጃ የለውም። በሩ ሰፊ፣ ወለሉ ደልዳላ ነው። ወደ ጓሮ የሚያየው ክፍል ውስጥ ስትገባ ቀጥ ብላ ቆመች። ጠዋት ሄዳ አየችው፤ ቀትር ላይ፣ ማታም ተመልሳ አየችው። ያ ክፍል የሚያምርበት ሰዓት አልነበረውም፤ ቀኑን ሙሉ ብርሃን ነበር። ቤቱ የልብስ ሰፊዋ ቤት መሆኑን የትኛውም ደላላ ያውቃል።

ስልኳን አወጣች። ሊደወልለት የሚገባውን ሰው ስም አገኘች። ይህን ቤት ካየ ይገዛዋል። ከገዛው ደግሞ ቤት ፍለጋ አለቀ፣ በመኪናው መዞሩም አለቀ፣ በረንዳ ላይ መቆሙም አለቀ። ስልኩን መለሰችው። የመምህሩን ቁልፍ ከሌሎቹ ጋር አላሰረችውም፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ነገ አሳየዋለሁ አለች። ነገም ሲመጣ ሌላ ነገ አለው። በዚያ በር በመኪና ሲያልፉ እሷ ወደ ሌላ ወገን እያየች ወሬ ታበዛለች። እሱ የሚያየውን ሁሉ ይነቅፋል፤ ጣሪያው ዝቅ አለ፣ ጎረቤቱ ውሻ አለው፣ የበሩ ቀለም ያስፈራል። እሷም እሰየው እያለች ቀጣዩን ቀጠሮ ታስይዘዋለች። መንገዱ ተለካ፣ ችካል ተተከለ። ዋጋውም ተነሣ፣ ደግሞ ተነሣ።

«ያ ልጅ የሚፈልገው ቤት ነው ወይስ አበሳ?» አለች አክስቷ አንድ ቀን። «በያዘው ገንዘብ ትናንት ቤት ይገዛ ነበር። በዚህ አያያዙ ከርሞ በር ብቻ ነው የሚገዛው።»

ቁልፌ የቤቶቹን ፎቶግራፍ ማስተካከል ያዘች።

በማግስቱ እናትየውም አብረው መጡ። የሚታየው ቤት ያማረ ቢሆንም መግቢያው ላይ ደረጃ አለው። ልጃቸው መኪናዋን ሊያቆም ሲዞር እናትየው የብረቱን መደገፊያ ይዘው መውጣት ጀመሩ። ከመሐል ሲደርሱ ቁጭ አሉ።

«እማማ፣ አመመዎት?»

«ደህና ነኝ፤ እለምደዋለሁ» አሉ ጉልበታቸውን እያሹ። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ልክ ሲወስዱ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ዓይናቸው አንድ ነገር አይስትም። «ልጄ ካንቺ ጋር ቤት አይቶ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነው የሚገባው። እሱን እያየሁ ዝም አልኩ። ግን የኔ ልጅ፣ ባለቤቱ ልቀቁ ብሎናል። ዕቃዬን በካርቶን አስሬ፣ ካርቶን ላይ ምሳ እየበላሁ መኖሩ ደከመኝ።»

ቁልፌ እጇን ቦርሳዋ ላይ አሳረፈች። ያን ብርሃን ለብቻዋ ቦርሳ ውስጥ ቆልፋ ስትዞር መክረሟን አሰበች።

«ይነሡ እማማ» አለች፣ ክንዳቸውን ይዛ። «ይሄ የእርስዎ ቤት አይደለም። ሌላ አለ።»

ቀኑ ዳምኗል። የመምህሩን ቤት መስኮት ቀድሞ የከፈተው፣ ቧንቧውን ያፈሰሰው የለም። የታፈነ ሽታ ተቀበላቸው። እናትየው ግን ግድግዳውን ተደግፈው ሳይሆን በራሳቸው እግር ወደ ጓሮው ክፍል ገቡ። ከኪሳቸው ክርና መርፌ አውጥተው በመስኮቱ በኩል አነጣጠሩና ክሩን በአንድ ጊዜ አስገቡት።

«በደመና ቀን!» አሉ። «አየህ? በደመና ቀን!»

ልጃቸው ቁልፌን በረንዳ ላይ ለብቻዋ አገኛት።

«ይሄ ቤት መቼ ነው ለሽያጭ የመጣው?»

መዋሸት ትችል ነበር። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ በዚህ ሥራ መልስ አይጠፋም።

«ከዝናቡ በፊት።»

«ከዝናቡ በፊት?» ድምፁ ዝቅ አለ። «በዚህ በር ስንቴ አለፍን?»

«ብዙ ጊዜ።»

«ታዲያ ለምን?»

ሁሉንም አንድ ላይ ተናገረችው። «ወድጄህ ነዋ! ቤቱን ካገኘህ ምን ብዬ እደውልልሃለሁ? ምን ላሳይህ ብዬ?»

እሱ ለረጅም ጊዜ አያት። ቁልፌ ያን አስተያየት ከቁጣ ሌላ ስም ልትሰጠው ፈለገች፤ አልሆነላትም።

«እናቴን ደረጃ እያስወጣን ነበር» አለ። ወደ ውስጥም ገባ።

መምህሩ ተጠሩ። እናትየው ክፍሉ ውስጥ ሆነው ስለ ብርሃኑ ሲያወሩ ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ፤ ሟች ባለቤታቸው እዚያ ነበር የምትቀመጠው። ለፎቅ ሠሪ አልሰጥም ያሉትን ቃል አላጠፉም፤ ሴት ልጃቸው ግን ገበያውን ሰምታ ዋጋውን ከፍ አስደርጋቸዋለች። ወጣቱ የጎደለውን ለመሙላት አሮጌዋን መኪናውን ሸጠ። ቁልፌ ይህን የሰማችው ከአክስቷ ነው። ያች መኪና የሄደችው እኛ በረንዳ ላይ በቆምንባቸው ቀኖች ምክንያት ነው ብላ ብዙ አለቀሰች።

ውሉ የተፈረመ ዕለት ቁልፉን በእጇ ሰጠችው። ጣቶቻቸው ተነካኩ።

«እናመሰግናለን። ብዙ ደክመዋል» አላት።

«እርስዎ» ሆና ቀረች። ከስድብ ሁሉ የባሰባት ይህ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤት ማሳየቷን አልተወችም፤ ግን ሰዓት መጠበቅ ተወች። ሰው በጠራት ሰዓት ሄዳ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። በመነጽር ቤቱ በኩል ላለማለፍ ሰፈሩን ዞራ ትመጣለች። አንዳንዴ ልትደውልለት ስልኳን ታነሣና የምትለው ይጠፋታል። የሚሸጥለት ቤት የለም፤ የሚገዛው ቤት የለም። ስትፈራው የነበረው ነገር ይኸው ደረሰ፤ ከእነቤቶቹ ሄደ።

አስፋልቱ ሲያልቅ ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ሕፃናት በብስክሌት ከዳር ዳር ይበራሉ፤ ትልልቆቹም ምንም ሳይፈልጉ አዲሱ መንገድ ላይ ይንሸራሸራሉ። ቢሮው ደግሞ ጢም ብሏል። ከመሐል ከተማ የመጡ ገዢዎች እስከ ውጭ ተሰልፈው ዋጋ ይጠይቃሉ። አክስቷ በወንበሯ ላይ እንደ ዳኛ ተሰይማ አንዱን ስታነጋግር ሌላውን በዓይኗ ትይዛለች።

በሰልፉ መሐል እሱ ገባ። በእግሩ ነው የመጣው፤ ጫማው አዲሱን ሬንጅ ይዞ ነበር።

የቁልፌ እጅ ፎቶግራፍ እንደያዘ ቀረ።

«ቤቱ ችግር አለው?» አለች።

«የለውም። እማዬ መጋረጃ እየሰፋች ነው።» ሰዎቹ ዘወር ዘወር እያሉ ያዩታል፤ ግድ አልሰጠውም። «አንቺ ላይ ተቆጣሁ። እኔምኮ ያው ነበርኩ። ያን ሁሉ ቤት የነቀፍኩት ቤቶቹ ጥፋት ኖሮባቸው አይደለም። ነገም እንድትጠሪኝ ነበር። ይህን ለራሴ ለመናገር አፍሬ አንቺን ብቻ ወነጀልኩ።»

የቁልፌ ዓይን በዕንባ ሞላ።

«ጋሼ፣ ተራ ይጠብቁ እንጂ!» አለ ከኋላ አንድ ገዢ። «ስለ የትኛው ቤት ነው የሚጠይቁት?»

«ስለ ቤት አይደለም» አለ እሱ፣ ዓይኑን ከእሷ ሳያነሣ። «እንዲሁ ነው የመጣሁት።»

ቁልፌ የያዘችውን ፎቶግራፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቀሚሷን አስተካክላ ተነሣች፣ ዕንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ወዴት ነው?» አለች አክስቷ፣ ብድግ ብላ። «ሰው እስከ ደጅ ተሰልፎ! ገበያው እሳት በሆነበት ቀን!»

«እትዬ፣ ዛሬ አልመለስም» አለች።

የተሰለፉት ገዢዎች መንገድ ለቀቁላቸው። አክስትየው አፏን ከፍታ ወጥተው እስኪሄዱ አየቻቸው፤ ከዚያ ቁጭ አለችና ፊት ለፊቷ የቆመውን ሰው፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል፣ «እሺ፣ አንተ ምን ነበር የፈለግከው?» አለችው።