የተቀደደው የቻይና ፎቶ

ያላመነ ቆሰበር መጥቶ ይጠይቅ። ፎቶው እስካሁን አለ...

ሐምሌ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጉሙ ከመንገዱ ማዶ ያሉትን ሱቆች ውጧቸዋል።

ጎረቤቴ ደርበው ፎቶ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ነው። የተበላሹ የድሮ ፎቶዎችን በኮምፒውተር ያድሳል። ሙያተኛ ነው፤ ከተጠየቀ ለመላጣም ጸጉር ያበቅላል። ክፋቱ፣ ተው ሲሉት አይሰማም።

የያዘው የጋሼ ቢሻውን ፎቶዎች ነበር። በወጣትነታቸው የቀርቀሃ ሥራ ሊማሩ ቻይና ሄደው ያነሷቸው ናቸው። ተራራ፣ ወንዝ፣ ጉም... ጣሪያቸው አፍስሶ አበላሽቷቸዋል።

አንዱ ላይ በቀርቀሃ ጫካ መሃል የምታልፍ ቀጭን መንገድ አለች። የፎቶው ቀኝ ጎን ተቀዷል።

"የዚህን እድፉን ብቻ አጽዳልኝ። የተቀደደውን እንዳትሞላው" ብለውታል።

ደርበው ግን ጎደሎ ሥራ ማስረከብ ሞቱ ነው። ጠዋት ከቤቱ ጓሮ ያለውን ቀርቀሃ በስልኩ አንስቶ መጣና ክፍተቱን ሞላው። መጋጠሚያው አይታወቅም። የቻይናው ጫካና የደርበው ጓሮ አንድ ሆኑ።

ደስ አለው። ከዚያ አጎላው...

እሱ በጨመረው ቀርቀሃ ሥር አንድ ሰው ቆሟል።

ጀርባውን ሰጥቶ።

ስልኩን ከፍቶ የጠዋቱን ፎቶ አየ። ማንም የለም።

ሰውየውን አጠፋው። ፎቶውን መልሶ ሲከፍተው... ሰውየው ወደ ደርበው ጓሮ አጥር ቀርቧል።

ደርበው ቤቱን አሰበ። ባለቤቱ ናርዶስ አራስ ናት። እናቷ ጥሊሊ ገበያ ስለሄዱ፣ ቢጫ ኮፍያ ካጠለቀችለት ጨቅላ ልጇ ጋር ብቻዋን ናት። ልጁ ገና ክርስትና አልተነሳም።

በሩ ተንኳኳ።

ጋሼ ቢሻው ናቸው። ስክሪኑን እንዳዩ ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ።

"ይህ ቀርቀሃ... የየት ነው?" አሉ በሹክሹክታ።

"የኔ ጓሮ ነው ጋሼ።"

"ምነው ልጄ! እኔ የቀደድሁት እኮ እሱ የቆመበትን ነው። አንተ መቆሚያ ሰጠኸው!"

"እሱ ማን ነው?"



"ቤት ማን አለ?" ብቻ አሉ።

ደርበው ደወለ። ጠራ... ጠራ... ተነሳ።

"ናርዶስ! የጓሮውን በር ዝጊ!"

"ምን ሆነሃል? ልጁን ይዘህ በዚህ ጉም የት ሄድህ? ብርድ ይመታዋል፣ መልሰው እንጂ።"

"እኔ... ፎቶ ቤት ነኝ።"



"ታዲያ..." አለች። "ታዲያ አሁን እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ልጁን የተቀበለኝ ማን ነው? ፊቱን እንኳ አላዞረም..."

የደርበውን ጩኸት ከጎኑ ካለው ሱቄ ሰምቼ ስገባ ደርበው ባጃጅ ፍለጋ እየሮጠ ወጣ። እኔ ከጋሼ ቢሻው ጋር ስክሪኑ ፊት ቀረሁ።

ፎቶው ላይ ጓሮው ባዶ ነው፤ ሰውየው የለም።

የቆሰበር ሰው ወጥቶ ቀርቀሃውን ሁሉ አሰሰ። ልጁ አልተገኘም። 

ደርበው ፎቶውን በየቀኑ ይከፍተዋል። ሰውየው ተመልሶ፣ በቀጭኗ መንገድ ወደ ቻይናው ተራራ እየራቀ ነው። ትከሻው ላይ ቢጫ ኮፍያ ይታያል።

እሱ ዛሬም ጀርባውን እንደሰጠ ነው።

ሕፃኑ ግን ወደ እኛ ያያል።