ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው ዛፎች

ውዳሴ ላፕቶፑን ልትዘጋው ስትል አባቷ ከኋላዋ ቆሞ ስላይዱን ማንበብ ጀምሮ ነበር።

«‹ስሜ ኮፊ ነው። ጋና ውስጥ ኮኮዋ አመርታለሁ። ቸኮሌት ቀምሼ አላውቅም። ልጆቼም እንደ እኔ ተስፋ የላቸውም›» ሲል አነበበ። «ማነው ይሄ ሰውዬ? የት አገኘሽው?»

«ኦንላይን... ኢንተርቪው ነው» አለች ውዳሴ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ።

ውሸቷን ነበር። ኮፊ የሚባል ሰው የለም። የዘጠነኛ ክፍል ፕሮጀክታቸው ቢያንስ የአንድ ገበሬ ቃል እንዲኖርበት መምህሯ ሚስ ግሬዋል አዛ ነበር። የማስረከቢያው ቀን ሲደርስባት ውዳሴ ኮፊን በአሥር ደቂቃ ፈጠረችው። ሚስ ግሬዋል ረቂቁን አንብባ ስትጨርስ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ይሄማ ሰኞ በትምህርት ቤቱ ሁሉ ፊት መቅረብ አለበት» አለች። አብሯት የሠራው ጆኒ በደስታ ዘለለ። እሱም ቢሆን ኮፊ እውነተኛ ሰው ይመስለዋል።

አባቷ መርዕድ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። በሚኖሩበት ሰፈር፣ ሳድል ሪጅ ውስጥ፣ ሰው የሚያውቀው በትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌርነቱ ነው። ካናዳ ከመምጣቱ በፊት ግን የእርሻ ባለሙያ ነበር፤ ጋና ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ አነስተኛ ማሳ ያላቸውን የኮኮዋ ገበሬዎች አሠልጥኗል። ውዳሴ ይህን ወሬ ስትሰማ ያደገችው በግማሽ ጆሮዋ ነው። ርዕሱንም የመረጡት ጆኒ ቸኮሌት ስለሚወድ ነው።

«እኔን አትጠይቂኝም?» አለ። ቅር ያለው አይመስልም፤ እንዲያውም ፊቱ በርቷል። «ቆይ፣ እዚያ አሁን አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ካሠለጠንኳቸው ገበሬዎች አንዷ፣ አንቲ አኮሱዋ፣ ከማሳ የሚመለሱበት ሰዓት ነው። ኮል እናድርግላቸው።»

«አባ፣ ኢትስ ኦኬ፣ አያስፈልግም...»

ስልኩ እየጠራ ነበር።

ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ አረንጓዴ ሻሽ ያሰሩ ሴት ስክሪኑን ሞሉት። «አንተ ዛፍ ቆራጭ! አለህ?» አሉ በእንግሊዝኛ፣ እየሳቁ።

«ልጄ ስለ ኮኮዋ እየተማረች ነው» አለ መርዕድ። «መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ያሉኝን ይንገሯት።»

«‹ውጣ ከማሳዬ!› ነው ያልኩት። አንድ ጎረምሳ መጋዝ ይዞ መጥቶ ቅርንጫፎቹን እንቁረጥ ይለኛል! ዛፎቹን የተከላቸው ባሌ ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ አራት ልጅ ያሳደግኩት በእነሱ ነው። ለእኔ ቅርንጫፍ መቁረጥ ማለት እንጀራዬን መቁረጥ ነበር።»

«ታዲያ እንዴት እሺ አሉ?» ውዳሴ ሳታስበው ጠየቀች።

«አሥር ዛፍ ብቻ ይስጡኝ አለኝ። በየሐሙሱ፣ በዝናቡም በጭቃውም ይመጣል። ሲያታክተኝ አሥር ሰጠሁትና ሁሉም ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርኩባቸው። ለምን መሰለሽ? ሲደርቁ የማን ሥራ እንደሆነ መንደሩ እንዲያይ!»

መርዕድ በሳቅ ፈነዳ።

ዛፎቹ ግን አልደረቁም። የተጨናነቀው ቅርንጫፍ ሲሳሳ ፀሐይና ነፋስ ገባ፤ ፍሬውን እያጠቆረ የሚያበሰብሰው በሽታም ቀነሰ። የታመመውን ፍሬ ቶሎ ቶሎ ለቅሞ ማስወገድም ተጨመረበት። በሁለተኛው ዓመት ጨርቅ የታሰረባቸው ዛፎች ግንዳቸው ሳይቀር ፍሬ ተሸከሙ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ቆሞ ያይ ጀመር።

«እሱን ላሳፍርበት ያሰርኩት ጨርቅ እኔኑ አሳፈረኝ» አሉ አንቲ አኮሱዋ። «በማግስቱ መጋዙን ከእጁ ተቀበልኩት።»

«ከዚያ በኋላማ እኔ የማልመልሰውን ይጠይቁኝ ነበር» አለ መርዕድ ለልጁ በአማርኛ። «እኔ ከሄድኩ ወዲህ የመንደሩን ሴቶች የሚያሠለጥኑት እሳቸው ናቸው። አርባ ሦስት ሴቶች!»

አንቲ አኮሱዋ ስልኩን አዙረው ግቢያቸውን አሳዩአት። ሰፊ ምንጣፍ ላይ የኮኮዋ ፍሬ ተሰጥቷል፤ አንዲት ወጣት በእጇ እያገላበጠች ታደርቃለች። «የመጨረሻዋ ልጄ ናት። ነርስነት እየተማረች ነው፤ ለእረፍት መጥታ ነው።»

ውዳሴ ከንፈሯን ነከሰች። «ኑሮው ግን... አይከብድም?»

«እንዴት አይከብድም! ዝናብ ሲዘገይ ይከብዳል፤ ዋጋ ሲወድቅ ይከብዳል። ግን እንሠራለን፣ እንማራለን። አንቺስ ለጓደኞችሽ ስለ እኛ ምን ልትነግሪያቸው ነው?»

ውዳሴ ድምፁ የተቆራረጠባት አስመስላ ስልኩን ለአባቷ አቀበለችው።

ተሰነባብተው ሲጨርሱ መርዕድ ትከሻዋን መታ መታ አደረገ። «በቃ፣ አሁን ሁለት ገበሬ አለሽ። ኮፊና አንቲ አኮሱዋ።»

«አባ... ኮፊ የሚባል ሰው የለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

መርዕድ እጁን ከትከሻዋ አነሣ። «መምህርሽ ታውቃለች?»

«አታውቅም። ጆኒም አያውቅም።»

ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ጠረጴዛውን እያየ «ከማሳ ባረሩኝ ቀን» አለ፣ «ሪፖርቴ ላይ ‹ገበሬዋ ሥልጠናውን ተቀብለዋል› ብዬ ጽፌ ነበር። ያሳፍራል። በሳምንቱ አለቃዬ ጋ ሄጄ እውነቱን ነገርኩት። ጮኸብኝ። አሥር ዛፍ ብቻ ልለምን ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው።» ይህን ብሎ ተነሥቶ ወደ ኩሽና ሄደ።

ውዳሴ ኮፊን አጠፋችው። በቦታው የአንቲ አኮሱዋን ቃል ጻፈች። ከበፊቱ ይልቅ ያምራል። እንዲሁ ብታስረክበው ማንም አይጠይቃትም። ሚስ ግሬዋል ግን ያለቀሰችው ለሌለ ሰው ነው። ውዳሴ ስልኳን አንሥታ ጆኒ ጋ ደወለችና ኮፊን ራሷ እንደፈጠረችው፣ ሰኞ ጠዋትም ለሚስ ግሬዋል እውነቱን ልትናገር እንደሆነ ነገረችው።

«ሲሪየስሊ?» ብሎ ጮኸ ጆኒ። «በቃ ቀይሪውና ዝም በይ! ኖባዲ ዊል ኖው!»

«እኔ አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ብቻሽን ግቢ። አንቺ ነሽ የዋሸሽው።» ዘጋባት።

ሰኞ ጠዋት ደወሉ ከመደወሉ በፊት ውዳሴ ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ፣ ጆኒን ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ተደግፎ አገኘችው። ስታልፈው ዓይኑን መለሰ፤ ግን አልሄደም።

ሚስ ግሬዋል ከወረቀቶቿ ቀና አለች። «ውዳሴ! ለዛሬው ተዘጋጀሽ?»

«ገና ነኝ» አለች ውዳሴ። ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።