የኩል ጢም

«ዛሬ ጢም የለም» አሉ መምህር ገብረ መድኅን፣ ማንንም ሳያዩ። ከመጋረጃው ኋላ ቆመው የአኮርዲዮናቸውን ማንገቻ ያጠብቃሉ፤ ማንገቻው ግን ከጠበቀ ቆይቷል። «ዳቢሴ እንዲሁ ይወጣል። ሰይዳ፣ ያንን ብልቃጥሽን መልሽ።»

ሰይዳ የኩል ብልቃጡን ኪሷ ከተተችው፤ እጇ ግን አልለቀቀውም።

ሰይዳ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የሮቤ ተማሪዎች በየዓመቱ በሚያሳዩት ሙዚቃዊ ተውኔት ውስጥ ሴቷን አፍቃሪ ሆና ስትጫወት ይህ ሁለተኛዋ ነው። ተውኔቱን የደረሱት መምህር ገብረ መድኅን ናቸው፤ ዛሬ ግን ከተማው ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል። ሁለት የሚዋደዱ ልጆችን ቤተሰብ ይለያያቸዋል። እሷ የዌይብ ወንዝ ሶፍ ዑመር ዋሻ ከሚገባበት በኩል ትቀራለች፣ እሱ ከሚወጣበት በኩል። ከዚያ እሷ ለውሃው ትዘፍናለች፣ እሱ ከወዲያኛው ጫፍ ይመልሳል። ሌላውን ትዕይንት እያወራና ቆሎ እየቆረጠመ የሚያይ ሰው ያ ዜማ ሲመጣ አፉን ይይዛል። ጎባ ድረስ በሰርግ ላይ ይዘፈናል።

አምና መላሹ ኢታና ነበር።

ኢታና ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ቁመቱ እንደ ባሕር ዛፍ ተመዘዘ እንጂ ጉንጩ ላይ አንድ ፀጉር አልነበረም። የተውኔቱ ልጅ ግን የደረሰ ጎረምሳ ስለሆነ ሰይዳ በእናቷ ኩል ጢም ትስልለት ነበር። ባለፈው ግንቦት አንድ ቅዳሜ ከልምምድ ሲወጡ ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደ። «ተወው፣ ያምርብሃል። እናትህ አይተውህ ይሳቁ» አለችው። እሱም ስቆ ተወው። ቤቱ ግን አልደረሰም። ገበያው ዳር ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ሲያፍሱ እሱንም ያዙት። የቀበሌው ጸሐፊ ፊቱን አየና መዝገቡ ላይ «ሃያ ዓመት» ብሎ ጻፈ። መኪናው እዚያው ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

ሰይዳ ይህን የሰማች ቀን ምሳ አልበላችም፤ እራትም አልበላችም። ተወው ያለችበትን ምላሷን ጠላችው።

ሰኔ ላይ የኢታናን እናት፣ አዴ ኦብሴን፣ ተከትላ ቀበሌ ሄደች። እሳቸው አማርኛ ስለማይሆንላቸው አስተርጓሚ ሆነችላቸው። «ጓድ ጸሐፊ፣ ያ ጢም ኩል ነው። የሳልኩት እኔ ነኝ» አለች፣ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ።

ጸሐፊው ቀና እንኳ አላለም። «እኔ የጻፍኩት ያየሁትን ነው።»

ይህን ወደ ኦሮምኛ ስትመልሰው አዴ ኦብሴ ነጠላቸውን አጠባበቁና በቀስታ ተናገሩ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንዲህ በይልኝ። ልጄን የወለድኩበትን ዓመት ከእኔ በላይ ታውቃለህ ወይ በይልኝ።»

ሰይዳ የጸሐፊውን እስክሪብቶ አየች፣ ከጀርባው የተደገፈውን ጠብመንጃ አየች። «እሺ ብለዋል» አለች። እንዲህ ብላ ነው የተረጎመችው። አዴ ኦብሴ እንደተነገረላቸው አምነው በመንገዱ ሁሉ ሲመርቋት ሄዱ፤ ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ድረስ ያቃጥላታል።

ዛሬ መስከረም ሁለት ነው፤ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት። አዳራሹ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ የቆርቆሮ ጣሪያውን ዝናብ ይደበድበዋል። ጸሐፊው ከፊት ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። አዴ ኦብሴ ከኋላ ከሴቶቹ መሃል አሉ። አባቷ አብዱልሃኪም ጠዋት ሱቃቸውን ሲከፍቱ ጠርተው አስጠንቅቀዋት ነበር፤ ከዘፈኑ ውጪ አንዲት ቃል እንዳትወጣት፣ የአንድ ቀን ወሬ ሱቅም ትምህርትም እንደሚያዘጋ። እውነታቸውን ነው። ይህን ሰይዳም አላጣችውም።

መጋረጃው ሊከፈት ሲል የዳቢሴን እጅጌ ያዘች። ዳቢሴ ደግ ልጅ ነው፤ የኢታናን ቦታ የያዘው ታዝዞ እንጂ ወዶ አይደለም።

«መልሱ ጋ ስደርስ እንዳትወጣ።»

«ለምን?»

ብልቃጡን አሳየችው። ዳቢሴ በመጋረጃው ቀዳዳ የፊቱን ወንበር አየ።

«አብደሻል» አለ። ቀጥሎ ግን ጎንበስ አለ። «የጫማዬ ክር ተፈቷል። እሱን እስካስር ትንሽ ይቆያል።»

ያደረገው ክር የሌለው የላስቲክ ጫማ ነበር።

ሰይዳ ወጣች። አኮርዲዮኑ ዜማውን ሲጀምር አዳራሹ እንደ ልማዱ ጸጥ አለ።

«ተራራው ቢውጠው ወንዙ መች ይቀራል፣
ድምፄን ይዞት ገብቷል፣ አንተ ጋ ይደርሳል።»

የመልሱ ቦታ ደረሰ። ዳቢሴ የለም። መምህር ገብረ መድኅን መግቢያውን ደገሙት፤ አሁንም የለም። ሰይዳ ብልቃጡን አወጣች፤ እንጨቱን ኩሉ ውስጥ ነከረችና ከላይኛው ከንፈሯ በላይ መጀመሪያ በቀኝ፣ ከዚያ በግራ ቀስ ብላ ሳለች። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን አብሮት የሚስቅ አጥቶ ቆመ፤ አኮርዲዮኑም ቆመ።

«ጓድ ጸሐፊ» አለች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። «እኔንስ ስንት ዓመት ብለው ይጽፉኛል?»

ጸሐፊው ያነባበረውን እግሩን አወረደ።

«ደግሞ ሰኔ ላይ አዴ ኦብሴ እሺ አላሉም። እኔ ፈርቼ ነው። እሳቸው ያሉት፣ ልጄን የወለድኩበትን ዓመት ከእኔ በላይ ታውቃለህ ወይ ነው።»

ከዚያም ይህንኑ በኦሮምኛ ደገመችው፣ እሳቸው እንዲሰሙት። ከኋላ አዴ ኦብሴ ብድግ አሉ። አልጮኹም፣ አላለቀሱም፤ ብቻ እንደቆሙ ቀሩ።

ሰይዳ ወደ መምህሯ ዞረች። ፊታቸው አመድ መስሏል። መድረኩን ጥለው ይወጣሉ ብላ ጠበቀች፣ ቢወጡም አትፈርድባቸውም ነበር። እሳቸው ግን ትከሻቸውን አስተካከሉና የመልሱን ዜማ ከመጀመሪያው ጀመሩት። ሰይዳም ድምጿን ወደ ታች አውርዳ የኢታናን ግጥም ዘፈነች።

«በዚህኛው ጫፍ ቆሜ እጄን ነክሬያለሁ፣
ድምፅሽ እስኪወጣ እጠብቅሻለሁ።»

ጭብጨባ አልነበረም። ዘፈኑ ከማለቁ በፊት ጸሐፊው ወጥቶ ሄዷል። ሰይዳ ከመድረኩ ስትወርድ አንድ የጥበቃ ሰው ጠብቆ የጸሐፊውን መልእክት ነገራት፤ አሁኑኑ ቀበሌ ትቅረብ፣ አባቷም ተጠርተዋል። ጠዋት አባቷ ስለ ሱቁ ያሉትን አሰበች።

ዳቢሴ እስከ ግቢው ቧንቧ ሸኛትና ውሃውን ከፈተላት።

«ታጠቢ። ነገሩ ሳይብስብሽ ታጠቢና ሂጂ።»

ውሃው ድንጋዩ ላይ ይፈሳል። ሰይዳ እጇን ዘረጋች፣ ቧንቧውን ዘጋችው።

«ተወው፣ ያምርብኛል» አለች።

አዴ ኦብሴ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። እጇን ያዟት፤ በጭቃው ላይ ጎን ለጎን ወደ ቀበሌው ሄዱ።