ቃጫ ያጠነከረው ፌስታል

ሱራፌል መጀመሪያ ጃጁራ ገበያ ከእኔ የእንሰት ቃጫ ሊገዛ ሲመጣ ገመድ ነጋዴ መስሎኝ ነበር። እጁን ሳይ ግን ሳቄ መጣ፤ ገመድ ጎትቶ የማያውቅ እጅ ነው።

«ለምንህ ነው?»

«ፕላስቲክ ልሠራበት።»

ሆሳዕና ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ የላብራቶሪ ሠራተኛ ነው። ቡላን በውሃና ለእጅ በምንቀባው ግሊሰሪን አብስሎ በስሱ ሲያደርቀው፣ አፈር ውስጥ የሚበሰብስ ፌስታል ይወጣለታል። ችግሩ ቶሎ ይቀደዳል። ቃጫ ቢገባበት ይጠነክራል ብሎ ነው የመጣው።

«እኛ ቡላን ገንፎ ነው የምናደርገው» አልኩት። ቃጫውን ግን መርጬ ሰጠሁት።

በሳምንቱ ተመለሰ። ፌስታሉ አሁንም ይቀደዳል። ለካ ቃጫውን እንደ ጎመን ከትፎታል!

«ኧረ ቃጫ ይከተፋል? በረዥሙ አጠላልፈህ አንጥፈው እንጂ! ደግሞ ደህና አድርገህ እጠበው፤ ዝልግልጉ ካልለቀቀ ቡላው አይይዘውም።»

ከዚያ ወዲያ ቃጫ ባያልቅበትም መምጣት አላቆመም። እኔም የገበያ ቀን ሲደርስ ፀጉሬን ሁለት ጊዜ ማበጠር ጀመርኩ። ወድጄዋለሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

አንድ ቀን «ርብቃ፣ ቃጫው ሲወጣ ልይ» ብሎ ሳያስፈቅድ ጓሯችን ዘው አለ። እንሰት የሚፋቅበት ቦታ ደግሞ እኛ ዘንድ ወንድ አይደርስም። እናቴና ጎረቤቶቿ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ እግራቸውን ዘርግተው እየፋቁ ነበር። ጩኸቱ አይነሳ! ሱራፌል አጥር ዘሎ ጠፋ።

«ይህን ነውረኛ ሁለተኛ እንዳላየው!» አለች እናቴ።

ሦስት ገበያ ሳይመጣ ቀረ። ናፍቆቱ እህል አላስበላ አለኝ።

በአራተኛው ሳምንት እሑድ ከሰዓት፣ አባቱ ጋሽ ሀብተሚካኤል ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ደጃችን ቆሙ። ሱራፌል ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ፣ ራሱ የሠራውን ፌስታል ድንች ሞልቶ አንጠልጥሏል። እናቴ ተቀብላ ወጥራ ጎተተችው። አልተቀደደም።

ግን ግራ ገብቷታል። ለጋብቻ ከሆነ ልጁ አብሮ አይመጣም፤ ለይቅርታ ከሆነ ደግሞ ሦስት ሽማግሌ በዛ።

«ለይቅርታ ነው የመጣችሁት ወይስ ለልጅቷ?»

ጋሽ ሀብተሚካኤል የተነገራቸው ስለ ይቅርታው ብቻ ነበር። ዘወር ብለው ልጃቸውን አዩት። ልጃቸው በሩ ሥር የቆምኩትን እኔን አየኝ፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«ለ... ለሁለቱም» አለ።

እናቴ ሳቋን ልትውጥ ሞከረች፤ አልቻለችም።

«ይቅርታውን ተቀብያለሁ። ሌላውን እንግዲህ እሷን ጠይቋት።»

ልጃገረድ በዚህ ጊዜ አቀርቅራ ዝም ማለት ነበረባት። እኔ ግን ሽማግሌዎቹ እንኳ ሳይቀመጡ «እሺ!» አልኩ።