ኖር ያልነው ለማን ነበር?

«ይሄ ብርጭቆ ካልተነሳ እኔ ሻይ አልጠጣም» አለች እህቴ ሰናይት፣ እንደ ቆመች። እማዬ ከፔርሙዙ ቀዳች፣ መጀመሪያ ለአባዬ፣ ከዚያ ለእኔ፣ ከዚያ ለእሷ። አባዬ ከሞተ ከርሟል፣ ተዝካሩም ወጥቷል።

«ሰፈሩ ምን እንደሚልሽ ታውቂያለሽ? ለሙት ሻይ ትቀዳለች ነው የሚሉሽ።»

«ይበሉ። ጀምሮት ነው የሄደው።»

ጀምሮት ያለችው ኮንሰርቱን ነው። እሱን ከመናገሬ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ መንፈስ፣ ጥላ፣ የሙት ድምፅ ምናምን ሲወራ ስልኬን የምነካካ ሰው ነኝ፣ እንዲያውም አንድ የሞተ ሰው ገበያ ውስጥ ታየ ሲባል «ምን ገዛ?» ብዬ ጠይቄ ተሰድቤያለሁ፣ ስለዚህ ይህን ወሬ ለማሳመር የምነግራችሁ እንዳይመስላችሁ።

አባዬ ሾፌር ነበር። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ጭኖ አገር ሲያዳርስ ይሰነብትና፣ አዳማ ሲገባ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል፣ ከዩቲዩብ የድሮ የሮክ ኮንሰርት ይከፍታል፣ ያ ምስሉ የደበዘዘ፣ ፀጉራቸው ትከሻቸውን ያለፈ ፈረንጆች ጊታር ታቅፈው በላብ የሚጠመቁበት። እንግሊዝኛ አያውቅም። «ቋንቋው አይገባኝም፣ ላቡ ግን ይገባኛል» ይል ነበር፣ ዘፋኙ ወደ ሕዝቡ ሲጮህ ደግሞ «አካም ጅርቱ አዳማ! ነው ያለው» ብሎ ሰላምታውን በኦሮምኛ ይተረጉምልናል። ሻዩ ላይ ስኳር ያበዛል፣ ስኳሩ ሟሙቶ ካለቀም በኋላ ማማሰሉን አይተውም፣ ብርጭቆውን በማንኪያ እያንቃጨለ ከበሮውን የሚያጅብ ይመስለዋል።

እማዬ መጀመሪያ አብራው ያየች ቀን፣ ዘፋኙ መድረክ ላይ ሲወጣ ያ ሁሉ ሕዝብ ብድግ ሲል፣ ከልቧ «ወይ ጨዋነት፣ ኖር አሉት እኮ» አለች። አባዬ ሻዩ እስኪፈስ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ የቤታችን ወግ ሆኖ ቀረ፣ ሕዝቡ ሲነሳ እማዬ ከመቀመጫዋ ከፍ ብላ «ኖር» ትላለች፣ አባዬ በዘፋኙ ፈንታ «በእግዜር» ይላል።

የመጨረሻው ቀን ኮንሰርቱን ሳይጨርስ ስልክ ተደወለለት፣ ጭነት ደርሷል ተባለ። «እንዳትነኩት፣ ስመለስ እጨርሰዋለሁ» ብሎ ወጣ፣ መተሐራ ሳይደርስ መኪናው ተገለበጠ። እማዬ ኮንሰርቱን እዚያው በቆመበት ትታ ማንንም አላስነካ አለች። ሰናይት የምትኖረው ቢሾፍቱ ነው፣ ወስዳ ከልጆቿ ጋር ልታኖራት ትለምናታለች፣ እማዬ ደግሞ እሱ ሳይጨርስ ከቤቱ አልወጣም ትላለች፣ የዚያን እሑድ አመሻሽም ጠቡ ይሄው ነበር፣ ሰናይት የእማዬን ልብስ በቦርሳ ሸክፋ ሶፋው ሥር አስቀምጣለች።

«እንግዲያው እኔ እጨርስለታለሁ» አለችና ሪሞቱን አንስታ ተጫነችው።

እማዬ እጇን ዘረጋች፣ አልደረሰችበትም። ኮንሰርቱ ቀጠለ። ውጭ ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል፣ አንድ ባጃጅ እየተንገጫገጨ አለፈ፣ በመሃል ቅጭል ቅጭል የሚል ነገር ሰማሁ፣ ከቴሌቪዥኑ መሰለኝ፣ ከበሮው ቆመ፣ ቅጭልታው ግን አልቆመም። እመኑኝ፣ የሦስታችንንም እጅ አየሁ፣ ማንኪያ የያዘ አልነበረም። የአባዬም ማንኪያ ሳህኑ ላይ እንደተጋደመ ነው። ሰናይትን አየኋት፣ ዓይኗን ብርጭቆው ላይ ተክላ ቀርታለች፣ እሷም ሰምታለች ማለት ነው።

ከዚያ ዘፋኙ ለመሰናበቻ ተመልሶ ወጣ፣ ሕዝቡ ብድግ አለ። እማዬ ለምዶባት፣ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን እየጠረገች ከፍ አለችና «ኖር» አለች።

«በእግዜር።»

ከበሩ በኩል ነው የመጣው፣ ዝቅ ያለ፣ ትኩስ ነገር አፉ ውስጥ የያዘ ሰው ድምፅ። እኔ አላልኩም። ጎረቤት ነው ብዬ፣ ይሁን ብዬም ተመኝቼ፣ ሄጄ በሩን ከፈትኩ፣ ግቢው ውስጥ ከነፋሱ በቀር ማንም የለም። የእኛ የላሜራ በር ማጠፊያው ወርዷል፣ በሁለት እጅ ከፍ አድርገው ካልሳቡት አይዘጋም፣ እኔም እንደተከፈተ ትቼው ተመለስኩ። ስቀመጥ የእኛ ሻይ ገና ይጨሳል። የአባዬን ብርጭቆ ነካሁት፣ ከዚያው ፔርሙዝ የተቀዳ፣ ግን የትናንት ሻይ ይመስል ቀዝቅዟል።

ኮንሰርቱ አለቀ፣ ስክሪኑ ጠቆረ። ቅድም ስትጎትታት የነበረችው ሰናይት «እማዬ፣ በቃ እዚሁ ሁኚ፣ እኔ እመላለሳለሁ» አለች።

«ማን ጋር ልሁን?» አለች እማዬ። «ጨረሰ እኮ።»

ቀብሩ ላይ ስታለቅስ አይቻታለሁ፣ እንደዚያች ቃል ግን የከበደኝ ነገር የለም፣ ያን ጊዜ ነው አባቴ ለእኔም የሞተው። እማዬ ቦርሳዋን በአንድ እጇ፣ የአባዬን ብርጭቆ ከነሻዩ በሌላው እጇ አነሳች፣ ጠብ እንዳይል እየተጠነቀቀች ወጣች። ደፉን ተሻግራ ደረጃው ላይ ጥቂት ቆመች፣ ጀርባዋን ሰጥታን፣ ሁለቱም እጇ እንደያዘ፣ ከኋላዋ የሚወጣ ሰው እንደምትጠብቅ። እኔና ሰናይት ከመቀመጫችን አልተነሳንም።

በሩ በቀስታ ከፍ አለና ተዘጋ።