የመቂ ውሃ የነካው ሳቅ

የጥርስ ክሊኒኩ ኮምፕሬሰር፣ መሰርሰሪያውን በአየር የሚያሽከረክረው ማሽን፣ ቀጥ ያለው አንድ ሽማግሌ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው፣ ጥርሳቸው በግማሽ ተሰርስሮ ሳለ ነበር። መሰርሰሪያው አቃሰተና ዝም አለ። ዶክተር ዋንጂኩ እጇን አንሥታ ቀረች። ረዳቷ ሚዛን ወደ ስልኩ ሮጠች።

ፉንዲው ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጣ። ናይሮቢ ውስጥ የሚጠግን ሰው ሁሉ ፉንዲ ነው፤ ይሄኛው ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ነበር። ማሽኑ ሥር ተንበርክኮ ብሎን ሲፈታ ሚዛን አናቱ ላይ ቆማ፣ የሚሰማት ሰው ያለ ስላልመሰላት በአማርኛ አጉረመረመች።

«ይሄ ደግሞ ጭራሹን ሊገድለው ነው።»

«አልገድለውም» አለ ፉንዲው ቀና ሳይል፣ በአማርኛ። «ታሟል እንጂ አልሞተም።»

ሚዛን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ከዚያ ግን ሳቋ አመለጣት። እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ ግን አፉን በመዳፉ ሸፈነ።

ሚልኬሳ ይባላል፤ የመቂ ልጅ ነው። ኮምፕሬሰሩ በዚያው ቀን ዳነ፤ ሚልኬሳ ግን «ልፈትሸው» እያለ በየሳምንቱ ይመጣ ጀመር። ዶክተር ዋንጂኩ ነገሩ ገብቷት «ይሄ ማሽን እንዲህ የሚወደድ መሆኑን አላውቅም ነበር» ስትል፣ ሚዛን የጥርስ መመርመሪያዎቹን የምታጥብ መስላ ጀርባዋን ትሰጣለች።

አፉን በእጁ የመሸፈኑን ነገር መጀመሪያ ኩራት ነው ብላ ነበር። ምስጢሩ የወጣው መንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ በሎሚና በሚጥሚጣ ሲበሉ ነው። በቆሎ እየጋጡ አፍ መሸፈን አይቻልም። ጥርሶቹ ቡናማ ነበሩ፤ የፊተኞቹ ላይ ነጭ ዝንጉርጉር አለ።

«የመቂ ውሃ ነው» አለ፣ እንዳየችው ሲያውቅ። «የሰፈራችን ልጅ ሁሉ እንዲህ ነው። የተለየሁ መሆኔን ያወቅኩት አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ስገባ ነው። ልጆቹ ነገሩኝ።»

«ውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ነው፤ አውቀዋለሁ። አንድም የተቦረቦረ ጥርስ ግን የለህም።»

«ቆጥረሽ ጨርሰሻላ» ብሎ ሳቀ። ያን ጊዜ እጁ አልተነሣም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ፊት አፉን መሸፈን ተወ። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠው ሌላ ሰው ሲያየው እጁ ይነሣል፤ ወደ እሷ ሲዞር ይወርዳል። ሚዛን ይህን አስተውላለች። ሌላ ሰው ያልተሰጠው ነገር ለእሷ እንደተሰጣት ታውቅ ነበር። ዛሬም ድረስ የሚያንገበግባት ይሄ ማወቋ ነው።

ነገር የተበላሸው ሩንዳ በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ የጓደኛዋ የኪያ ልደት ላይ ነው። ሚልኬሳ ሥጋ ከሚጠብሱት ጋር ራቅ ብሎ ቆሟል። ኪያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ሲሪየስሊ ሚዙ፣ ጥርስ ክሊኒክ እየሠራሽ ቦይፍሬንድሽን እንዲህ ትተይዋለሽ?»

አጠገባቸው የነበሩት ሳቁ። ሚዛንም ሳቀች። ይህን ያህል ነው፤ ክፉ ቃል ከአፏ አልወጣም፣ ሳቀች ብቻ። ቤቷ ገብታ የዕለቱን ፎቶ ስልኳ ላይ ስታየው ግን ከጥርሱ በቀር ሌላ ነገር አልታይ አላት። ያንን ሰው የምትወደው እሷ መሆኗ እስኪጠፋባት ድረስ አጉልታ አየችው።

እናቷ ወይዘሮ አስናቀች ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት አላት። ሚዛን ሚልኬሳን በመጪው እሑድ ለእናቷ ልታስተዋውቅ ቀጠሮ ይዛለች። ከዚያ በፊት ጥርሱን ልታሠራለት ቆረጠች። ዶክተር ዋንጂኩም ለሠራተኛዋ ብላ ሥራውን በስጦታ እሠራለሁ አለች።

ሚልኬሳ በስልክ ሲነገረው «እሺ» አለ። መጀመሪያ ቀን ጥርሱን አጠቡለት። ከዚያ ሚዛን ራሷ እንደ ወፍራም እስክሪብቶ ያለውን ስካነር አፉ ውስጥ አዘዋወረች፤ መንጋጋው ከነቀለሙ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ድሮ በሽተኛውን የሚያስታውከው፣ አፍ ሙሉ ሊጥ መሳይ የሚነከስበት ዘዴ ቀርቷል። ኮምፒዩተሩ አዲስ ጥርስ ነደፈለት፣ ማሽኑም ቅርጹን አተመው። ቅዳሜ ከሰዓት ዶክተር ዋንጂኩ በዚያ ቅርጽ ጊዜያዊ ነጭ ሽፋን ጥርሱ ላይ አለበሰችው። ይህ መሞከሪያ ነው። ሰውየው ራሱን በመስተዋት አይቶ ከተስማማ የፊት ጥርሶቹ በስሱ ተሞርደው እውነተኛው ሽፋን፣ ቬኒር የሚሉት፣ ይለጠፍባቸዋል። የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልምና ሐኪም ይህን ሳያሳይ አይጀምርም።

ሚዛን መስተዋቱን ሰጠችው።

«አየኸው? ሌላ ሰው እኮ ሆንክ» አለች። ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም።

ሚልኬሳ ብዙ አየ። ከንፈሩን ገለጠ፣ ገጠመ።

«ያምራል» አለ። ቀጥሎ መስተዋቱን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ለማን ብለሽ ነው?»

«እንዴ፣ ለአንተ ነዋ።»

«እኔ አልጠየቅኩሽም እኮ» አለ በለሆሳስ። ቁጣ አልነበረበትም።

ሚዛን ጓንቷን አወለቀች። የኪያ ሳቅ ትዝ አላት። የራሷም። ይህን እንዴት ብላ ትንገረው?

«ለእማዬ ብዬ ነው» አለች። «እሑድ ልታይህ አይደል? እሷ ሰው ስታይ መጀመሪያ የምታየው ጥርስ ነው። ቅር እንዳይላት ብዬ ነው።»

«እናትሽ እንዲህ ናቸው?»

«አታውቃትም አንተ።»

ሚልኬሳ ዓይኖቿን ትኩር ብሎ አያቸው። «እርግጠኛ ነሽ፣ ሚዛን?»

«እናቴን እኔ አጣታለሁ?»

አንገቱን ነቀነቀ። ወደ ዶክተሯ ዞሮ እንዲያወልቁለት ጠየቀ። ሞረዱን ፈርቶ ነው ብላ ሚዛን በልቧ ሳቅ አለች። ሽፋኑ ተነሣለት፤ አፉን ተጉመጠመጠ። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ዶክተሯን በስዋሂሊ አመሰገነ። ወደ ሚዛን ሲዞርም እጁ አልወረደም።

እሑድ አልመጣም። ስልኩም አይነሣም። ወይዘሮ አስናቀች ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ የምግብ ቤቱን ጥግ ጠረጴዛ አሰናድታ ስትጠብቅ ቆየችና ጠየቀች።

«እስቲ መልኩን እንኳ አሳዪኝ።»

ሚዛን ስልኳን አቀበለቻት። እናቷ መነጽሯን አስተካከለች።

«ይሄማ ሚልኬሳ ነው።»

«ታውቂዋለሽ?»

«ደንበኛዬ እኮ ነው፤ ሰሞኑን ምሳውን እዚህ ነው የሚበላው። አንቺን ማወቁን ግን ትንፍሽ አላለም። መጀመሪያ አፉን እየሸፈነ ሲስቅ አይቼ አሳዘነኝ። ‹ልጄ፣ ሰው ቤት አይደለህም፤ እጅህን አውርደህ ሳቅ› አልኩት። ከዚያ ወዲህ ይሄን ቤት በሳቅ ነው የሚሞላው። ለልጄ እንዲህ ያለ በሰጠልኝ እል ነበር» አለች እናቷ፤ ቀና ስትል የልጇን ፊት አየች። «ምን ሆነሻል?»

ሚዛን ወንበር ስባ ተቀመጠች። አማቱን አስቀድሞ ሊያይ በራሱ ጊዜ መጥቷል፤ ወዷታል፤ ተወዷል። ክሊኒኩ ወንበር ላይ ተቀምጦ «እርግጠኛ ነሽ?» ሲላት መዋሸቷን ያውቅ ነበር። እውነቱን እንድትናገር ሁለት ጊዜ በር ከፍቶላት ሁለቴም ዘግታዋለች።

ስልኩን ያነሣላት ኪሱሙ ከተማ ሥራ ይዞ ከሄደ በኋላ ነው።

«እማዬ ጋ እንደምትሄድ ለምን አልነገርከኝም?»

«እሑድ ላስደንቅሽ ብዬ ነበር።»

ከወዲያ በኩል የሞተር ሳይክል ድምፅ ይሰማል።

«ለራሴ ብዬ ነው ብትዪኝ» አለ ሚልኬሳ፣ «አፍሬብሃለሁ ብትዪኝ እንኳ አስሞርደው ነበር። ሁሉንም። አንቺ ግን በእናትሽ አሳበብሽ።»

«አፍሬብህ ነበር» አለች ሚዛን። እንባዋ እየወረደ ነው። «ሰው ፊት አፍሬብህ ነበር። ይቅር በለኝ።»

ይታረቁበታል ብላ ያወጣችው ቃል ነበር። እሱም በደግ ድምፅ ተቀበለው።

«ይቅር ብዬሻለሁ። ስለነገርሽኝም አመሰግናለሁ። ግን ከእንግዲህ አንቺ ፊት መሳቅ አልችልም፣ ሚዛን። በሐሳቤ ሞክሬዋለሁ፤ እምቢ አለኝ።»

ዓመታት አለፉ። ሚልኬሳ ሥራ ናይሮቢ ባመጣው ቁጥር ወይዘሮ አስናቀች ዘንድ ምሳ ይበላል፤ የሚመጣው ግን ሁልጊዜ ሚዛን ክሊኒክ በምትውልበት ቀን ነው። እናቷ አትነግራትም። ሚዛን የምታውቀው በእናቷ ፈገግታ ነው። አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቃ ጥግ ጠረጴዛው ላይ ልትጠብቀው ብዙ ጊዜ አስባለች፤ አላደረገችውም።

ባለፈው ቅዳሜ ምግብ ቤቱን አብረው ሲያጸዱ ወይዘሮ አስናቀች ጨርቁን እየጨመቀች ተናገረች።

«ሚልኬሳ መጥቶ ነበር። ሚስቱን ይዞ።»

ሚዛን ጠረጴዛውን መወልወሏን ቀጠለች። «ስለ እኔ ጠየቀ?»

«ጠየቀ እንጂ። ደህና ናት፣ ደስ ብሏት ነው የምትኖረው አልኩት።» እናቷ ቀና ብላ አየቻት። «ልክ ነኝ አይደል?»

ልክ ነሽ ለማለት አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ጨርቁን አስቀምጣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«አይደለሽም፣ እማዬ» አለች።